ኢንተርኔት ለማስገባት ስንዋዋል



በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙ ቤተሰቦች ሲጠይቁን የቆየ ነው። «ለቤታችን ኢንተርኔት ልናስገባ አስበናል፤ የማንን እንውሰድ?» ይላሉ። ለሱቃቸውና ለቢሯቸው የሚጠይቁንም አሉ። እንደሚታወቀው ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከገባበት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ይህ ጥያቄ የሚነሳ አልነበረም። አቅራቢው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ በመሆኑ ሰው ወረፋ ይዞ የተሰጠውን ይቀበል ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 መጀመሪያ በድሬዳዋ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ምርጫ መጣ። ምርጫ ሲመጣ ማስታወቂያም አብሮ መጣ።

እኛ ግን «የማንን?» ከማለታችን በፊት «ምን እየገዛን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል እንላለን። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ የዱቤ ውል በጽሑፍ እንዲሰፍር ማዘዙን፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ምንነቱ በግልጽ ያልታወቀ፣ ገረር ያለበትን ሽያጭ መከልከላቸውን ከዑለሞቻችን ሰምተናል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን አንድ ኩንታል ጤፍ ስንገዛ እጃችንን እስከ ክንዳችን ከትተን፣ ዘግነንና አሽተን እያየን፣ በየወሩ ለዓመታት የምንከፍልበትን የኢንተርኔት ውል ግን ሳናነበው እንፈርማለን።

በማስታወቂያው ላይ ከቁጥሩ በፊት የምትቀመጠው «እስከ» የምትለው ቃል ቀላል አይደለችም። «እስከ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ» ማለት ከዚያ አያልፍም ማለት እንጂ ከዚያ አይወርድም ማለት አይደለም። መስመሩን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ስለምንጋራው ሰፈሩ ሁሉ ሲጠቀም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። ቢትና ባይትም ብዙ ሰው ያምታታሉ። ፍጥነት የሚለካው በቢት ሲሆን የምናወርደው ፋይል መጠን የሚነገረው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ በ10 ሜጋ ቢት መስመር በሰከንድ የሚወርደው 1.25 ሜጋ ባይት ብቻ ይሆናል። መቶ ሜጋ ባይት የሆነ የደርስ ቪዲዮ መስመሩ ሙሉ ለሙሉ ቢሠራ እንኳ 80 ሰከንድ ይፈጃል። «10 ከፍዬ 1 ብቻ ነው የማየው፤ ተጭበረበርኩ» የሚሉ ወንድሞቻችን አንዳንዴ ያልተጭበረበሩ ናቸው። «ያልተገደበ» የሚለውም ቃል እንዲሁ መጠየቅ ይፈልጋል። የተወሰነ መጠን ከተጠቀሙ በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንስ ከሆነ፣ ከስንት በኋላ እንደሚቀንስና ወደ ስንት እንደሚወርድ ሻጩ በውሉ ላይ ያሳየን።

ከዚህ ቀጥሎ መስመሩ በምን በኩል ወደ ቤት እንደሚገባ ማወቅ ያሻል። በድሮው የስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ከማዞሪያ ጣቢያው በራቀ መጠን ይደክማል፤ መጋጠሚያው ውኃ ከገባበት በክረምት ይቆራረጣል። ወደ ውጭ የሚልከውም ከሚያወርደው በእጅጉ ያነሰ ነው። ፋይበር እንዲህ ያለ ድካም የለበትም፤ ሰፈራችሁ የደረሰ ከሆነ እርሱን አስቀድሙ። ሆኖም የፋይበሩ ሣጥን የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ኢንተርኔቱም አብሮ እንዳይጠፋ ለሣጥኑና ለራውተሩ የምትሆን ትንሽ ባትሪ ማሰብ ያስፈልጋል። ሦስተኛው በሲም ካርድ የሚሠራው ራውተር ነው። ዛሬ ገዝቶ ዛሬ መጠቀም ይቻላል፤ ኪራይ ቤት ለሚኖርም ዕቃውን ይዞ መሄድ ይችላል። ጥራቱ ግን ሙሉ በሙሉ የሚወሰነው ማማው በመቅረቡና በማማው ላይ በሚጠቀመው ሰው ብዛት ነው። አንዱ ድርጅት በአየር ጤና ጎበዝ ሆኖ በጀሞ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሕንፃ እንኳ ምድር ቤቱና አራተኛው ፎቅ ይለያያሉ።

ስለዚህ ከሻጩ ይልቅ ጎረቤትን መጠየቅ ይበልጣል። ጥያቄውም «ጥሩ ነው ወይ?» አይሁን፤ ለዚህ ሁሉም ሰው «አል-ሐምዱ ሊላህ» ነው የሚለው። «ከመግሪብ በኋላ ቪዲዮ ይቆማል ወይ? መጨረሻ የተበላሸው መቼ ነው? በስንተኛው ቀን መጥተው ሠሩት?» በሉ። በሲም ካርድ ለመጠቀም ያሰበ ደግሞ ከሁለቱም ድርጅቶች አነስተኛ ጥቅል ገዝቶ፣ ስልኩን ራውተሩ በሚቀመጥበት ቦታ አድርጎ፣ ለቤት ከሆነ ማታ፣ ለሱቅ ከሆነ በገበያ ሰዓት ለጥቂት ቀናት ይለካ። ሰው ሁሉ በማይጠቀምበት ንጋት ላይ ለክቶ የሚወስን እንዳይኖር፤ ከፈጅር ሶላት በኋላ የማይሮጥ መስመር የለም።

ምን ያህል ፍጥነት ይበቃል? ፊት ለፊት እየተያዩ ለመነጋገር ከ1 እስከ 2 ሜጋ ቢት፣ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለማየት 5 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ስንት ሰው በስንት ስልክ እንደሚጠቀም ቆጥሮ መደመር ነው። ልጆቹ ትምህርት የሚያዩበት፣ እናት ጅዳ ያለችውን ልጇን የምታነጋግርበት ቤት ከ10 እስከ 20 በእርግጥ የሚደርሰው ከሆነ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ኢስራፍ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቤተሰባቸው በዱባይና በሌሎች የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከተሞች ያለባቸው ሰዎች «ዋትስአፕ አይደውልልንም» ብለው አቅራቢ ሲቀይሩ እናያለን። በዚያ አገር የኢንተርኔት ጥሪ የሚፈቀደው ፈቃድ ባላቸው ፕሮግራሞች በመሆኑ ችግሩ ከዚያ ወገን ነው፤ እዚህ መስመር መቀየሩ አይፈታውም።

ለሱቅ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኤምፔሳ በ2023 በአገራችን ከተጀመሩ ወዲህ ደንበኛው ገንዘቡን ከኪሱ ሳይሆን ከስልኩ ነው የሚያወጣው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደንበኛው ዕቃውን አስቀምጦ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይሄዳል። ስለሆነም ነጋዴ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን አንድ ፈጣን መስመር ከመያዝ ይልቅ ከሁለት የተለያዩ ድርጅቶች መካከለኛ ቢይዙ ይሻላቸዋል እንላለን። ይህም ቢሆን ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ማማ ላይ ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ አንዱ በሽቦ ወይም በፋይበር፣ ሌላው በሲም ቢሆን የበለጠ ያስተማምናል። የጨርቅና የልብስ ነጋዴ የዕቃውን ቪዲዮ ለደንበኛ የሚልክ ከሆነ ስለ ማውረድ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መላኪያው ይጠይቅ። የሱቁን ካሜራ ከቤቱ በቀጥታ ማየት የሚሻም የራሱ ቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በሲም ካርድ መስመር ይህ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ደንበኞች ጋር የጋራ ነው።

ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት ሌላው ስጋት በዚሁ መስመር የሚገባው ፀያፍ ነገር ነው። «የትኛው አቅራቢ ይከለክላል?» ብለው ይጠይቃሉ። የተሻለው መንገድ ማጣሪያውን ራስ ማድረግ ነው። ራውተር የአንድን ድረ ገጽ አድራሻ የሚጠይቀው ዲ.ኤን.ኤስ የሚባል የስም ማውጫ አለ። ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለቤተሰብ በነፃ ያቀረበው ማውጫ ፀያፍ ድረ ገጾችን አይመልስም። በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ በዲ.ኤን.ኤስ ቦታ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ማስገባት ነው፤ ከዚያ በቤቱ ዋይፋይ የሚገናኝ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል። ስለሆነም አቅራቢው የራውተሩን የማስተካከያ የይለፍ ቃል እንደሚሰጥና ይህን መቀየር እንደሚፈቅድ ከመዋዋላችሁ በፊት ጠይቁ። ማጣሪያው ሁሉንም አይይዝም፤ በቴሌግራምና በመሰል ፕሮግራሞች ውስጥ የሚላከውን አያይም። በራሱ ሲም ካርድ የሚጠቀም ልጅም ከማጣሪያው ውጭ ነው።

በኮንዶሚኒየም አንዱ መስመር አስገብቶ ጎረቤቶች ወጪውን የሚጋሩበት ልማድ አለ። መተባበሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውሉ ለሌላ ማከፋፈልን የሚከለክል ከሆነ የፈረምነው ቃል ይይዘናል። በዚያ ላይ በመስመሩ የሚሠራው ሁሉ የሚመዘገበው በውሉ ባለቤት ስም ነው። ሳይፈቀድለት በጎረቤቱ ዋይፋይ የሚጠቀም ወጣት ግን ሌላ ነው፤ ያ ሰው የከፈለበትን ነው የሚወስደው። ጥቅል ሲያልቅ በብድር የሚሰጠውን የአየር ሰዓት በተመለከተም፣ ሲመለስ በላዩ ላይ የአገልግሎት ክፍያ የሚጨመርበት ስለሆነ በምታምኗቸው ዓሊሞች ዘንድ ጠይቃችሁ እንድትወስኑ እንመክራለን። ፈትዋ መስጠት የዚህ ዓምድ ድርሻ አይደለም።

ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ላይ እንዲታይ የምንመክረው ይህ ነው፦ የዝርጋታው ዋጋና ቀን፣ ራውተሩ የማን እንደሆነ፣ ቤት ስትቀይሩ መስመሩ የሚዛወርበት ሁኔታ፣ ውሉን ለማቋረጥ የሚከፈል ነገር መኖር አለመኖሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብልሽት ሲደርስ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚጠገንና ሳይጠገን ለቀረው ጊዜ ሒሳቡ ይቀነስ እንደሆነ። የድርጅት ውል ከሆነ ይህ የመጨረሻው በቃል ብቻ አይታለፍ።

መስመሩ ሲበላሽ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር ጻፉ፤ ለጥሪ ማዕከሉ ስትደውሉም የአቤቱታውን ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራው አቅራቢዎችን መቆጣጠርና የደንበኛን መብት መጠበቅ ነው። አቤቱታችሁ በቅድሚያ ለአቅራቢው ይቅረብ። መፍትሔ ካልሰጠ ደብተሩንና ውሉን ይዞ ወደ ባለሥልጣኑ መሄድ ይቻላል።