«ቫይረሱ 212 ደረሰ ወይ?»፦ የምርመራ ወረቀታችንን ማንበብ እንልመድ

ሰብያ አካባቢ በአንድ ማዝራዓ ፍየል የሚጠብቅ ወንድማችን የምርመራ ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፦ «እህቴ፣ ቫይረሱ 212 ደርሷል ማለት ነው? ስንት ጊዜ ይቀረኛል?»

ወረቀቱን ሳየው 212 የተጻፈው «ኤ ኤል ቲ» ከሚለው ጎን ነው። ኤ ኤል ቲ እኮ ቫይረስ አይደለም፣ የጉበት ኢንዛይም ነው። ስለ ቫይረስ ወረቀቱ ላይ አንድም ነገር የለም። እሱ ግን የሰማው «ኪብድ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ፣ ያለችውን ሪያል ለሚስቱ ልኮ፣ ሞቱን ሲጠብቅ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጂዛን ውስጥ ስሠራ የወገኖቼን ወረቀት ከዐረብኛ ስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝ። ያየሁት ነገር ቢኖር ብዙዎቻችንን ከበሽታው እኩል የሚጎዳን ቃሉን አለማወቃችን ነው። ስለዚህ ሦስት ቃል እንማር እላለሁ።

ሦስቱ ቃላት

ቫይረስ በዓይን የማይታይ፣ ብቻውን መራባት የማይችል ነገር ነው። ሴላችን ውስጥ ገብቶ በእኛው ዕቃ ራሱን ያባዛል። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ከባቃላ ገዝተን የምንውጠው ሁሉ መድኃኒት አይሆንም።

ኢንዛይም በሰውነታችን ውስጥ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የእንጀራ ሊጥ የሚቦካው እርሾው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ኢንዛይም ስላላቸው ነው። ጉበታችንም የራሱ ኢንዛይሞች አሉት። ኤ ኤል ቲ እና ኤ ኤስ ቲ የሚባሉት በጉበት ሴል ውስጥ ይኖራሉ፤ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ኤ ኤል ቲ በጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ40 በታች ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጭስ ታየ ማለት ነው። ጭስ ደግሞ እሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ ማን እንደለኮሰው አይናገርም። ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ አልኮል፣ የሥር መድኃኒት፣ ከልክ ያለፈ ፓናዶልም ሊሆን ይችላል።

ኑክሊዮታይድ የሚባለው ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ የሚደረድረው ፊደል ነው። ፊደሉን የሚደረድርለት ፖሊመሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ለሄፓታይተስ ቢ የሚሰጠው ቴኖፎቪር የተሠራው ኑክሊዮታይድን እንዲመስል ነው፤ ኢንዛይሙ እውነተኛ ፊደል መስሎት ሲያነሳው ጽሑፉ እዚያው ይቆማል። የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ሶፎስቡቪርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከሌላ ክኒን ጋር ሆኖ አብዛኛውን ታማሚ በ12 ሳምንት ገደማ ፈጽሞ ያድናል። ፒ ሲ አር የሚባለው ምርመራም የቫይረሱን ፊደል በፖሊመሬዝ አባዝቶ የሚያይ ነው። በደም ውስጥ ስንት ቫይረስ እንዳለ የሚነግረን እንዲህ ዓይነቱ ምርመራ እንጂ ኤ ኤል ቲ አይደለም።

ጂዛን ላይ ለምን ይበልጥ ያስፈልገናል?

መስከረም 1993 ዓ.ም. (2000 እ.ኤ.አ.) የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ጂዛን ገባ። ቫይረሱ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የታወቀ ነው። ከአፍሪካ ምድር ወጥቶ ሲረጋገጥ ግን የመጀመሪያው እዚህና አጎራባች የመን ነበር። በሳውዲ ብቻ ከ880 በላይ ሰው ታሞ ከ120 በላይ ሞቷል። በጠና የታመሙት ላይ የጉበት ኢንዛይም እጅግ ከፍ ብሎ ታይቷል።

በሽታው በትንኝና በታመመ ከብት ደም ይተላለፋል። ታዲያ እዚህ አገር ፍየል የሚጠብቀው፣ የሚያርደው፣ የጨነገፈውን ግልገል የሚያነሳው ማን ነው? እኛ ነን። መንጋው ውስጥ ብዙ ፍየል ባንድ ጊዜ ከጨነገፈ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጥሬ ወተት አትጠጡ፤ ለከፊሉም ንገሩ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ መድማት ወይም የእይታ መደብዘዝ ከመጣ ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ከከብት ጋር ነው የምሠራው» ይሁን። በሽታውን ለማወቅ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ነገር ናት።

«የወፍ በሽታ» እያልን እስከ መቼ?

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ስናይ «ወፍ መታው» ብለን ሥር እንቀጠቅጥለታለን። ወፍ የለችበትም። ጉበቱ በተጎዳ ሰው ላይ የማናውቀውን ሥር መጨመር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው።

ሌላው ጉዳት መገለል ነው። ከኢስቲራሃ የተባረረች፣ ሳህኗ የተለየባት እህት አውቃለሁ። ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በደም፣ ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ምላጭ አንጋራ፤ እንጀራውን ግን እንጋራ። ክትባትም አለው።

«አንፊት» የበሽታ ስም አይደለም

ለባሕረ ሰላጤ አገሮች የሥራ ቪዛ በሚደረገው ምርመራ ኤች አይ ቪ ወይም ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የተገኘበት ሰው «አንፊት» ይባላል። ማህተሙ ይመታል፣ ደላላው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ሰውየው ምን እንዳለበት ሳይነገረው ይቀራል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ደሙ የማን ነው? ውጤቱንስ ከባለ ደሙ በፊት ደላላና ከፊል የሚያውቁት በምን ሕግ ነው? መርማሪው ውጤቱን ለባለቤቱ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ለብቻው ሊነግረው ይገባል። እኛም ወረቀታችንን መጠየቅ አለብን። በዐረብኛ «አብጋ ኑስኻ ሚነ ተህሊል» በሉ፤ የምርመራውን ቅጂ እፈልጋለሁ ማለት ነው።

አንዳንዱ ወንድም «ይሄ የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛ ላብ እንጂ ቃል አልመጣንም» ይለኛል። እውነት አለው፤ መተርጎም የነበረበት ሐኪም ቤቱ ነው። ግን ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ያይሃል፤ ወረቀቱን ተሸክመህ ድንበር የምታቋርጠው አንተ ነህ። «ኢቃማ የለኝም፣ ሙስተሽፋ ብሄድ እያዝ ይሆናል» የሚለው ፍርሃትም ከንቱ አይደለም፤ አላቃልለውም። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ግራ የተጋባና የሚዘባርቅ ወይም የሚደማ ሰው ካለ ግን ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም። ወደ 997 ደውሉ፤ አምቡላንስ ነው። ለጤና ምክር የጤና ሚኒስቴር 937 አለ።

መድኃኒት ለጀመራችሁ

ቴኖፎቪርን ድንገት ማቋረጥ ቫይረሱን እንደገና ያነሳሳል፤ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ድንበር ደግሞ ሰው ባልጠበቀው ቀን ይያዛል፣ ይጠረዛል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሂዩማን ራይትስ ዎች በአል ዳየርና በጂዛን ስለታጎሩ ወገኖቻችን ያወጣውን መጨናነቅና ቆሻሻ ያልሰማ የለም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ከነመጠኑ በወረቀት ጻፉ፤ ፎቶውን አገር ቤት ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ከተያዛችሁ መድኃኒት እንደምትወስዱ በመጀመሪያው ሰዓት ተናገሩ። አገር ቤት ስትደርሱም «ዳንኩ» ብላችሁ ሳትተዉ ወረቀቱን ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ወንድማችንን መጨረሻ ላይ «ምን ስትውጥ ሰነበትክ?» አልኩት። ለጥርስ ሕመም ፓናዶል ሦስት ሦስት እያደረገ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ። ባለ 500 ሚሊግራሙ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ዛሬውኑ አቁም፣ ለሐኪሙም ይህንኑ ንገረው አልኩት። ነገረው። የሄፓታይተስ ምርመራው ነፃ ሆነ። ከሳምንታት በኋላ የላከልኝ ወረቀት ላይ ኤ ኤል ቲ 36 ይላል። በዚህኛው የድምፅ መልእክት ሞቱን አልጠየቀኝም፤ «36 ጥሩ ነው አይደል?» ነው ያለኝ። ጥሩ ነው ወንድሜ። ማንበብም ጀምረሃል።