ዋጋ መቀነስ ብቻውን አያዋጣም



እ.ኤ.አ. በ2012 እዚህ እስራኤል የሆነውን የሚያስታውስ ብዙ ነው። ሴልኮም፣ ፓርትነርና ፔሌፎን ገበያውን ይዘውት ሲኖሩ፣ በዚያ ዓመት ግንቦት ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ገቡና ዋጋው ባንዴ ወደቀ። እናቶቻችን የስልክ ሒሳብ ሲመጣ መደንገጥ ተዉ። ዋጋ ሰባሪው ጎላን ግን ለብቻው አልዘለቀም። በ2020 ሴልኮም ገዛው።

ይህን ያነሳነው የአገር ቤቱን ገበያ እያየን ነው። ጎንደርም አዲስ አበባም ዘመድ አለን፣ እንደውላለን፣ ብር እንልካለን። ስለዚህ የዚያ ገበያ ነገር ይነካናል።

ኢትዮ ቴሌኮም ሥሩ እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን ይደርሳል። ተፎካካሪ የሚባል አያውቅም ነበር። በ2021 ሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ሲወስድ ብዙዎቻችን «የድሮው አለቀለት» ብለን ነበር። አላለቀለትም። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት፣ በ2018፣ የድምፅ ጥሪ ዋጋውን በ40 በመቶ ቀንሶ ነበር። ዋናው ግን እሱ አይመስለንም። ዋናው በግንቦት 2021 የጀመረው ቴሌብር ነው። የሳፋሪኮም ትልቁ ጉልበት ኬንያ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ኤምፔሳ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2023 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ ሳይቀር ወደ ሰዉ እጅ ገባ። ሰው አንዴ ገንዘቡን ያስቀመጠበትን ነገር ደግሞ ለጥቂት ሳንቲም ብሎ አይቀይርም።

እርግጥ ሁሉም ብልጠት አይደለም። የኩባንያው ባለቤት መንግሥት ነው፣ ደንቡን የሚያወጣውም መንግሥት ነው። እንግዳው ደግሞ ዕቃውን በዶላር ገዝቶ ገቢውን በብር ይሰበስባል። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ማን እንደተጎዳ መገመት አያቅትም።

አሁን ተራው የባንኮቹ ነው። በታኅሣሥ 2024 ፓርላማው ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍት አዋጅ አጽድቋል። እዚያ ባንክ ቤት የሚሠሩ ዘመዶቻችን «ክፍያ እንቀንሳለን፣ አሪፍ አፕ እናሠራለን» ይሉናል። እኛ እዚህ ላይ አንስማማም። በካፒታልና በቴክኖሎጂ ከትልቅ የውጭ ባንክ ጋር መሽቀዳደም በሰው ሜዳ መሮጥ ነው።

በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ያየነውን እንንገራችሁ። እዚህ እኛ በምንሠራበት ሰፈር አንድ ባንክ ቅርንጫፉን ዘግቶ «ከእንግዲህ ሁሉም በስልክ ነው» አለ። በማግሥቱ ሽማግሌዎቻችን ፔላፎናቸውን ይዘው ቢሯችን መጡ። ዕብራይስጡን አያነቡትም። የሚስጥር ቁጥራቸውን ለልጅ ልጅ፣ ለጎረቤት፣ አንዳንዴም ለእኛ ይሰጡናል (ባንቀበልም ይሰጡናል!)። ትንሽ ቆይተው ብዙዎቹ ወደ ሌላ ባንክ ሄዱ። ያኛው ክፍያው አልረከሰም። አማርኛ የምትናገር አንዲት ልጅ መስኮት ላይ ነበረችበት፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» የምትል። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የሚሄዱት።

የአገር ቤት ባንክም ያለው ሀብት ይኸው ነው። ደምበኛውን በስሙ ያውቀዋል፣ ቋንቋውን ይናገራል፣ ማንበብ የማይችለውን ገበሬ ቁጭ አድርጎ ማስረዳት ይችላል። ከአዲስ አበባ የመጣ አፕ ይህን አይተካም። የውጭው ባንክ መጀመሪያ የሚፈልገው ትልልቁን ነጋዴና ላኪውን ነው ብለን እንገምታለን። ገጠሩ ድረስ ለመውረድ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በየወረዳው ሱቅ ወኪል ማስቀመጥና ሠራተኛ ማሠልጠን ይቻላል። ገንዘብ ይጠይቃል፣ አዎ፤ ግን ለማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለንም።

ዋጋ ምንም አይደለም እያልን አይደለም። ለደሃ አሥር ብርም ብር ነው። ጎንደር ያለች አንዲት አክስታችን ግን የላክንላትን ገንዘብ የምታወጣው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ነው። ሌላ ቦታ ይሻላል ብንላት «እዚያ ያለው ልጅ ሁለቴ ይቆጥርልኛል» አለችን።

የእናንተስ ዘመዶች? በየት በኩል ይቀበላሉ፣ ለምንስ እሱን መረጡ? ከታች ጻፉልን።