መዝሙራችንን ማን አሳጠረው?

ፒያሳ ስትሄዱ በሀገር ፍቅር ቴአትር በር አልፋችሁ ይሆናል። በንጉሡ ዘመን የሙዚቃ ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ግን አምሃ እሸቴ የተባለ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት፣ እስር ሊከተለው እንደሚችል እያወቀ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። ዘፈኑ ዓለማዊ ነው፤ ድፍረቱ ግን ያስተምረናል።

እርሱ የከፈተው በር ሌላ ሰው የዘጋው ነበር። እኛ ዛሬ በራችንን በገዛ እጃችን እየዘጋን ነው። ስፖቲፋይ አንድ ዜማ ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ቲክቶክም ሰው ቶሎ የሚያልፈውን ቪዲዮ ወደ ኋላ ይተወዋል። ስለዚህ መግቢያውን እንቆርጣለን፤ አዝማቹን ወደ ፊት እናመጣለን፤ የንስሐውን ስንኝ «ሰው አያይልንም» ብለን እንሰርዘዋለን።

«ሸክላም ልክ ነበረው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የትንሿ ሸክላ አንዱ ገጽ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም ነበር። ሸክላው ግን የወሰነው ርዝመቱን ነው። አልጎሪዝሙ ትናንት የተወደደውን ዛሬም እንድንደግም ይገፋፋናል።

መዝሙራችሁን በስልክ አትልቀቁ አልልም። ልቀቁት! አስቀድማችሁ ግን ገላትያ 1፥10ን አንብቡ፤ ጳውሎስ ራሱን የጠየቀውን እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚያም ያንን የተሰረዘ ስንኝ ወደ ቦታው መልሱት።