መቶ ሚሊዮን ተቆጥሮም ያልታየው

ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ሲሠራ ቀድሞ የሚጻፈው የሚያስበው ክፍል አይደለም። ቀድሞ የሚጻፈው፣ የጠጠሮቹን አቀማመጥ አይቶ ሕጉ የሚፈቅዳቸውን እርምጃዎች አንድም ሳያስቀር፣ አንድም ሳይጨምር የሚዘረዝረው ነው። ይህ ክፍል ቢሳሳትም ፕሮግራሙ አይቆምም፤ ይጫወታል፣ ያሸንፋልም። ጉዱ የሚወጣው ከብዙ ጨዋታ በኋላ፣ ያልተፈቀደ እርምጃ የሄደ ዕለት ነው። ስለዚህ ማጫወት ፈተና አይሆንም፤ ከአንድ አቀማመጥ ተነስተው ሊከተሉ የሚችሉትን የእርምጃ ቅደም ተከተሎች ሁሉ መቁጠር ያስፈልጋል።

ይህ ቆጠራ ፐርፍት ይባላል። ከጨዋታው መነሻ ነጭ 20 እርምጃ አለው፤ ለእያንዳንዱ ጥቁር 20 መልስ ስላለው 400 ይሆናል። ሦስተኛው እርምጃ ላይ 8,902፣ አራተኛው ላይ 197,281፣ አምስተኛው ላይ 4,865,609፣ ስድስተኛው ላይ 119,060,324። ለየብቻ የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች የተስማሙባቸው ቁጥሮች ናቸው፤ በአንድ እንኳ የተለየ ስህተት አለበት።

ጀማሪው ይህን የመጨረሻ ቁጥር ሲያገኝ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ነጭ ካስሊንግ (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ እርምጃ ማንቀሳቀስ) ለማድረግ ወታደር፣ ፈረስና ጳጳስ አስቀድሞ ማንሳት አለበት፤ ጥቁርም በመካከል ይጫወታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ካስሊንግ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ነው። ወታደር መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ንግሥት የሚሆነው ደግሞ ከዘጠነኛው በፊት አይደለም። እንግዲህ ካስሊንግን ጨርሶ የማያውቅ ፕሮግራም መቶ አሥራ ዘጠኝ ሚሊዮኑን አንዲት ሳያጎድል ይቆጥራል። ዋናው የቆጠራው ርዝመት ሳይሆን የሚቆጠርበት አቀማመጥ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ኪዊፒት የሚባለው ታዋቂ የመፈተኛ አቀማመጥ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ በሁለቱም በኩል ካስሊንግ ይፈቅዳል፤ ቁጥሮቹ 48፣ 2,039፣ 97,862 ናቸው። ንጉሡም ግንቡም ሳይንቀሳቀሱ ግንቡ በቦታው ከተበላ የካስሊንግ መብት መጥፋቱን የሚረሳ ፕሮግራም እዚህ ይጋለጣል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ግን 10 ጠጠር ብቻ ያለበት አቀማመጥ ነው። 14፣ 191፣ 2,812፣ 43,238። የነጭ ንጉሥና የጥቁር ግንብ በአንድ ረድፍ ትይዩ ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ የነጭ ወታደር አለ። ጥቁር የራሱን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ ከነጩ ወታደር ጎን ያቆመዋል። ነጭ በአንፓሳን ሕግ (ሁለት ቤት የተገፋን ወታደር አንድ ቤት ብቻ እንደሄደ ቆጥሮ መብላት) ቢበላው ሁለቱም ወታደሮች ከረድፉ በአንድ ጊዜ ይነሱና ንጉሡ ለግንቡ ይጋለጣል፤ ስለዚህ እርምጃው ክልክል ነው። ብዙ ፕሮግራም ግን የሚያነሳው የራሱን ወታደር ብቻ ስለሆነ፣ የተበላው ወታደር አሁንም ንጉሡን የሸፈነ ይመስለዋል።

ድምሩ ቢገጥም እንኳ አንድ የተረሳ እርምጃ በአንድ ትርፍ እርምጃ ሊካካስ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ መብላቱን፣ ካስሊንጉን፣ ቼኩን ለየብቻ መቁጠር ነው። ልዩነት ሲገኝ ደግሞ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ እርምጃ ድርሻ ከታመነ ፕሮግራም ጋር ማነጻጸር፣ ባልገጠመው ገብቶ እንደገና መዘርዘር፤ እንዲህ እየተወረደ ስህተቱ ያለበት አቀማመጥ ድረስ ይደረሳል።

የእኛን ሰንጠረዥ፣ ባህላዊውን የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ጉዳዩ ይከብዳል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ስለሚያንቀሳቅሱ፣ በዚያ ክፍል «አራተኛ እርምጃ» ብሎ መቁጠር ትርጉም የለውም። ቆጠራው ሊጀምር የሚችለው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የሚያነጻጽሩበት የታመነ ቁጥር ከሌለ፣ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ከአንድ የተጻፈ ሕግ ተነስተው ፕሮግራማቸውን ይጽፉና ቁጥራቸውን ያስተያያሉ።