ቀላል ሥራና ውድ ዋጋው

በመርጡለ ማርያም ገበያ የሚውል ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በንግድ ውስጥ ብርቱ ድካም የሚጠይቁ ሥራዎች አሉ፤ ድካም የማይጠይቁም አሉ። ተሸካሚው ኩንታሉን በትከሻው ሲያነሣ ሊሰንፍ አይችልም፤ ሸክሙ ራሱ ይቈጣጠረዋል። የመጋዘን ጠባቂውንና ናሙና አውጪውን ግን ከገዛ ኅሊናቸው በቀር የሚቈጣጠራቸው የለም። ስለዚህ ስንፍና ቤቷን የምትሠራው ከከባዱ ሥራ ይልቅ በቀላሉ ውስጥ ነው።

በአንድ መጋዘን ያየሁትን ላውሳ። የጤፍ ጆንያዎች እስከ ጣራው ተደርድረው ነበር። ጠባቂው በየጧቱ በሩን ከፍቶ፣ የፊተኛውን ረድፍ ገረፍ አድርጎ አይቶ፣ በመዝገቡ ላይ «ደኅና ነው» ብሎ ይጽፍና ወደ ወንበሩ ይመለስ ነበር። አልዋሸም፤ ያየው ደኅና ነበረ። ክረምቱ ሲወጣ ግን ግድግዳውን ተጠግቶ የነበረው የታችኛው ረድፍ ርሶና ሻግቶ ተገኘ። በቀን ሩብ ሰዓት ለማትረፍ ሲባል የዓመቱ ትርፍ ጠፋ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የሻገተ ጤፍ ግን ቢለቅሙትም አይመለስም።

እንዲህ ያለው ጉዳት በአንድ ሰው ደጃፍ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ቅሪት አገኘች፤ ወደዚያች አገር የሚላከውም ቡናችን እጅግ ቀነሰ። ምክንያቱ ሲመረመር ጥርጣሬው ያረፈው በገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን ቡናው በተሞላበት የቃጫ ጆንያ ላይ ነበር። ባዶ ጆንያ ከየት እንደ መጣና ምን ተይዞበት እንደ ነበረ መጠየቅ ከቀላል ሥራዎች ሁሉ የቀለለ ነው፤ ገበሬው የለፋበት የቡናችን ስም ግን በዚያው ጆንያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ባለንብረቱ መጋዘኑን አንድም ቀን ሳይጎበኝ ቆይቶ፣ የተበላሸ ጆንያ አግኝቶ የነገረውን ጠባቂ ከደመወዙ የሚቀጣ ከሆነ፣ ጠባቂው ዳግመኛ እንዳያይ ያስተማረው እርሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼ ነጋዴዎች፣ ናሙና ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመካከልና ከታችም ይወሰድ፤ የተፈተሸው ጆንያ በመዝገብ ላይ ተለይቶ ይጻፍ፤ ባለቤቱም በሳምንት አንድ ቀን የኋላውን ረድፍ በገዛ እጁ ይዳስስ። ጉድለት ያገኘ ሠራተኛ አይቀጣ፣ ይሸለም።

ለምስክር ሩቅ መሄድ አያሻንም። በዚችው በመርጡለ ማርያም፣ በንግሥት እሌኒ ዘመን የታነጸው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ከ500 ዓመት ያህል በኋላ እንኳ ጥርቡንና ቅርጹን ያሳየናል። የጠራቢዎቹን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሥራቸው ግን እስከ ዛሬ ይመሰክርላቸዋል። የእኛስ ጆንያ ሲፈታ ምን ይመሰክርልን ይሆን?