ጳጉሜን የማያውቀው ተርጓሚ

ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ የልደት ማስረጃ ለማስተርጎም ስታዲየም አካባቢ ወዳለ አንድ ትርጉም ቤት ጎራ አልኩ። ልጅቷ ወደ ውጭ አገር ለምትልከው ማመልከቻ የቀሯት ቀናት ጥቂት ናቸው። ቤቱን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የዛሬ ስድስት ሰባት ዓመት አራት ጠረጴዛ፣ አራት ኮምፒውተር፣ አራት ወጣቶች ነበሩበት፤ ወረፋውም እስከ ደረጃው ድረስ ይወርድ ነበር። አሁን ወረፋው እንዳለ አለ፤ የቀሩት ግን ባለቤቱና አንዲት ልጅ ብቻ ናቸው።

ልጅቷ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አነሳች። ስልኩ አነበበ፣ ተረጎመ፤ እሷ ከተዘጋጀ ፎርም ላይ ለጥፋ አተመችው። ሁሉም ነገር ቡና ታዝዞ እስኪመጣ ድረስ እንኳ አልፈጀም። ወስጄ ሳነበው ግን የእህቴ ልጅ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1990 ተወልዳለች ይላል። ዋናው ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈው 3/13/1990 ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 1990 ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1998። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር መኖሩን ስላልጠረጠረ ሦስቱን ወር፣ አሥራ ሦስቱን ቀን አደረገው። ዓመቱንም ሳይነካ አሳለፈው። ልጅቷ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በስምንት ዓመት ተኩል አረጀች።

ባለቤቱ ወረቀቱን ተቀብለው በመነጽራቸው ስር አዩትና ሳቁ። «ጳጉሜን አያውቅማ!» አሉ። ከዚህ በፊት ብርቱካን የተባለች እናት «ኦሬንጅ» ሆና ልትወጣ ጥቂት እንደቀራት አጫወቱኝ። አርመው፣ እንደገና አሳትመው፣ ማኅተማቸውን መቱበት።

«ጋሼ፣ እነዚያ ልጆች የት ሄዱ?» አልኳቸው።

«አላባረርኳቸውም ወንድሜ። አንዱ ሲለቅ አልተካሁም፣ ሁለተኛው ሲለቅ አልተካሁም፤ በቃ።»

ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ብዙዎቻችን ኤአይ የምንለው፣ የሰውን ሥራ ይወስዳል ወይስ አይወስድም የሚለው ክርክር በየሬዲዮው፣ በየስብሰባው ሲነሳ እሰማለሁ። አንዱ ወገን ሁላችንም ሥራ ፈት ልንሆን ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ትራክተር መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ ሰው ግን ሥራ አላጣም ብሎ ያጽናናል። እኔን ከዚያ ትርጉም ቤት ተከትሎኝ የመጣው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቤት ማንም አልተባረረም። የሥራ ስንብት ደብዳቤ የለም፣ ክስ የለም፣ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ የሚገባ ሰው የለም። ግን ሦስት ወንበር ጠፍቷል።

በትንቢት ላይ ለመጠንቀቅ ደግሞ ምክንያት አለኝ። የዚህ ቴክኖሎጂ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ጄፍሪ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2016 የራጅና የሲቲ ምስል የሚያነቡ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። ሰውየው ተራ ተናጋሪ አይደለም፤ በ2024 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ ነው። አምስቱ ዓመት ካለፈ ቆየ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሰማው ስሞታ የራዲዮሎጂስት እጥረት ነው። ምስል ማንበብ ከሥራቸው አንዱ ክፍል እንጂ ሁሉም አልነበረም፤ ከሐኪም ጋር መመካከር፣ በሽተኛውን ማየት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከውጤቱ ስር ፈርሞ መጠየቅ አለ።

ክላርና የተባለው የስዊድን የክፍያ ኩባንያም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የደንበኞች መልስ ሰጪው ማሽን የ700 ሰው ሥራ እየሠራልኝ ነው ብሎ ለዓለም አወጀ። በዓመቱ ሥራ አስፈጻሚው የአገልግሎቱ ጥራት እንደወረደ አምኖ ሰው መቅጠር መጀመራቸውን ተናገረ። እንዲህ ዓይነት ወሬ ስንሰማ «አየህ፣ ሰው አይተካም» ማለት ይቀናናል። እኔም ጳጉሜን ያላወቀውን ማሽን አይቼ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። የቀን መቁጠሪያችንን ለማሽን ማስተማር ከባድ ነገር አይደለም፤ የጳጉሜን ስህተት ዛሬ ቢኖር ነገ ላይኖር ይችላል። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም ነው። የዚያን ጊዜ የሚያወጣው አማርኛ መሳቂያችን ነበር። ዛሬ የሚስቅበት ሰው ቀንሷል።

እኛ አገር ብዙ ጊዜ የምሰማው መጽናኛ ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ማሽን አይመጣብንም የሚል ነው። ለአንዳንዱ ሥራ እውነት ነው። ድንጋይ ተሸካሚ፣ ጭነት አውራጅ፣ ልብስ አጣቢ፣ ወጥ ሠሪ፣ በቤይሩትና በሪያድ የሰው ቤት የሚያጸዱ እህቶቻችን በሮቦት ለመተካት ገና ሩቅ ናቸው። ደረጃ ወጥቶ፣ በር ከፍቶ፣ ያደፈውን ካላደፈው ለይቶ የሚያጥብ ማሽን ከባድ ነው፣ ውድ ነው። የኮሌጅ ምሩቁ ሥራ ላይ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። አንድ የታወቀ የኤአይ አገልግሎት የወር ክፍያው 20 ዶላር ነው። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በኋላ ከረከሰ ወዲህ እንኳ የአንድ ጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ አይሆንም። ማሽኑ ምሳ አይበላም፣ የትራንስፖርት አበል አይጠይቅም። ስለዚህ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚነካው አካፋ የያዘው ሳይሆን ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ያስተማረው ነው። ነገሩ ተገልብጦ መጣ ማለት ነው። «ተማር፣ ከጉልበት ሥራ ትድናለህ» ስንባል አልነበር ያደግነው?

የዓለም የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ባወጣው ጥናት በዓለም ካለው ሥራ 40 በመቶ ያህሉ ለዚህ ቴክኖሎጂ የተጋለጠ ነው ብሏል። ባደጉት አገሮች 60 በመቶ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 26 በመቶ። አንዳንዶች ይህን ቁጥር አንስተው እኛ ተርፈናል ይላሉ። መጋለጥ ማለት ግን መባረር ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ሥራውን የሚያቀልለት፣ ምርቱን የሚያሳድግለትም ነው። እኛ ዝቅ ያልነው አብዛኛው ሕዝባችን ኮምፒውተር ፊት ስለማይቀመጥ ነው። ይህ ደግሞ የሚያስመካ ነገር አይመስለኝም። በዚያ ላይ 26 በመቶው ውስጥ ያለው ማነው ብንል ከተማ ያለው፣ የተማረው፣ ወጣቱ ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው የተመረቀችው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ለአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የቃለ መጠይቅ ድምፅ ወደ ጽሑፍ እየገለበጠች፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች በገጽ ትከፈል ነበር። ቋሚ ቅጥር አልነበረም፤ ግን የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ለእናቷም ይተርፋል። የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ በገጽ የሚመጣው ሥራ ተቀይሮ መጣ፦ «ማሽኑ ተርጉሞታል፣ አንቺ አርሚው» ተባለች። ክፍያው ወደ ሲሶ ወረደ። የሚገርመው፣ ማረሙ ከመተርጎሙ ብዙም አያንስም። ማሽኑ የወለጋውን ገበሬ አነጋገር ወደ አዲስ አበባ ዜና አንባቢ ይለውጠዋል፣ ያልተባለውን ይጨምራል፣ «እሷ» የተባለችውን «እሱ» ያደርጋል። ልጅቷ ቁጭ ብላ ድምፁን ከመጀመሪያ መስማት ግድ ይላታል። የምትሠራው ያው ነው፤ ስሙ ተቀየረ፣ ዋጋው ወረደ። አሁን ነርሲንግ ልትማር ነው የምትሄደው። «ማሽኑ በሽተኛ አያገላብጥም አይደል፣ አጎቴ?» ብላኛለች። ምን ልበላት?

እዚህ ላይ ሕጋችንን ላንሳ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ዘዴ ቢለውጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ቢያስገባ ሠራተኛ ለመቀነስ በቂ ምክንያት ነው ይላል። በለውጡ ሠራተኛው የሚቀነስ ከሆነ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ፣ የስንብት ክፍያ አለ፣ በላዩም የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ ማን ይቅደም ማን ይቆይ የሚለውም ቅደም ተከተል አለው። መጥፎ ሕግ አይደለም። ችግሩ ማንን ነው የሚያገኘው የሚለው ነው። የእህቴ ልጅ በገጽ የምትከፈል እንጂ ቋሚ ሠራተኛ አልነበረችም። ትርጉም ቤቱ ያልተካቸው ሦስቱ ደግሞ ራሳቸው የለቀቁ ናቸው፤ በእነሱ ወንበር ይቀጠሩ የነበሩት ሌሎች ሦስት ወጣቶች ማን እንደሆኑ እነሱም አያውቁም። ያልተቀጠረ ሰው የሚከሰው የለውም።

የሆሊውድ የፊልም ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ለ148 ቀናት ሥራ አቁመው ካገኙት አንዱ ማሽን የጻፈው ነገር የጸሐፊውን ስምና ክፍያ እንዳይቀንስ፣ ኩባንያው ለጸሐፊ የሚሰጠው ጽሑፍ በማሽን የተሠራ ከሆነ እንዲነግረው የሚል ነው። እነሱ ማኅበር ነበራቸው፣ ጥርስ ያለው ማኅበር። የእኛ ተርጓሚዎች፣ ገልባጮች፣ ግራፊክስ ሠሪዎች በየቤታቸው ተበትነው ላፕቶፕ ታቅፈው የተቀመጡ ናቸው። «ማሽን ላረመው ገጽ ከዚህ በታች አንቀበልም» የሚል ድምፅ ከየት ይምጣ?

ማሽኑ ራሱም ያለ ሰው አልቆመም። ታይም መጽሔት በጥር 2023 እንዳጋለጠው ቻትጂፒቲን ከስድብና ከአሰቃቂ ነገር ለማጽዳት ጽሑፍ ሲያነቡና ሲለዩ የነበሩት በሰዓት ከ2 ዶላር በታች የሚከፈላቸው የናይሮቢ ወጣቶች ነበሩ። እዚያው ናይሮቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ለፌስቡክ የጦርነት ቪዲዮ ሲያጣሩ ቆይተዋል። አዲስ ሥራ ይፈጠራል ሲባል ይህም አንዱ አዲስ ሥራ ነው። እንዲህ ዓይነቱ እኛም አገር ቢመጣ ብዙ ወጣት ይሰለፋል፣ አልፈርድበትም። ግን ሚኒስትሮች ሪባን ሲቆርጡ ሠራተኛው ምን እንደሚያይ፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ማን እንደሚያክመው ከወዲሁ ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

መንግሥት ዝም አላለም። በ2012 ዓ.ም የተቋቋመ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም አለ፣ በ2016 ዓ.ም ሐምሌ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም አለ። ሥልጠና መቼም አይጠላም። እኔ ራሴ የጎረቤት ልጆች እንዲመዘገቡ ገፋፍቻለሁ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ማሽኑ ቀድሞ ከለመዳቸው ሥራዎች አንዱ ጀማሪ ኮደር የሚጽፈው ኮድ ነው። አምስት ሚሊዮን ሰርተፊኬት መስጠት ይቻላል፤ ሰርተፊኬት የያዘው ልጅ መጀመሪያ የሚቀመጥበት ወንበር፣ እየተሳሳተ የሚታረምበት ወንበር ከሌለ ግን የት ገብቶ ነው ባለሙያ የሚሆነው?

የትርጉም ቤቱ ባለቤት ጳጉሜንን በአንድ እይታ የያዙት ሠላሳ ዓመት ሲተረጉሙ፣ መጀመሪያ ላይ ሲሳሳቱ፣ ከኤምባሲ ወረቀት ሲመለስባቸው ኖረው ነው። እሳቸው የሚሸጡት ዛሬ ትርጉም አይደለም፤ ትርጉሙን ማንም በስልኩ ያገኘዋል። የሚሸጡት ማኅተሙንና «ስህተት ቢገኝ እኔን ጠይቁ» የሚለውን ኃላፊነት ነው። ያ ሥራ አልተወሰደም፤ እንዲያውም የተፈላጊነቱ ነገር ጨምሯል። ያቺ በስልክ ፎቶ የምታነሳው ልጅ ግን በቀን ስንት ወረቀት እያሳለፈች፣ አንዱንም ከራሷ ሳትተረጉም፣ የእሳቸውን ዓይን የምታገኘው በምን በኩል ነው? መንግሥት ለሚቀጥር ሳይሆን ለሚያሠለጥን ቤት፣ ማለትም ጀማሪን ከባለሙያ አጠገብ አስቀምጦ ለሚያስተምር ድርጅት የግብር ቅናሽ ቢያስብ፣ በመንግሥት ጨረታም ለትርጉም ሥራ በማሽንና በሰው የሚለየው ዋጋ በግልጽ ቢጻፍ ከአንድ የአዳራሽ ኮንፈረንስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስወጣ ይህንኑ ለባለቤቱ አነሳሁባቸው። «እርስዎ ሲደክሙ ይህን ማኅተም ማን ይይዘዋል?» አልኳቸው። ወደ ልጅቷ ዞር ብለው አዩ። እሷ የሚቀጥለውን ደንበኛ የጋብቻ ወረቀት ፎቶ እያነሳች ነበር። «እስቲ አንቺ፣» አሏት፣ «ይሄኛውን ስልኩን አስቀምጪና በእጅሽ ሞክሪው፤ እኔ አየዋለሁ።» ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች አጉረመረሙ፤ አንዱም ሰዓቱን አየ።