ለወላድ እናት አስቀድሞ መሰናዳት



በሀገራችን ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ቃሉ ከአፋችን ስለማይለይ አናስተውለውም እንጂ፥ ምጥ በሞትና በሕይወት መካከል የሚያቆም መሆኑን እናቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር ይመሰክራል።

በ1992 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከሚወለዱ ከመቶ ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ የተነሣ ይሞቱ እንደ ነበር ተገመተ። በ2008 ዓ.ም. ግምቱ ወደ 412 ወረደ። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን ለሁሉ እኩል አልደረሰም። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት በከተማ ከተወለዱት ከመቶው 79፥ በገጠር ከተወለዱት ግን 20 ብቻ በጤና ተቋም ተወለዱ። በ2011 ዓ.ም. የገጠሩ ወደ 40 ከፍ ቢልም የከተማው 70 ነበርና ልዩነቱ አልጠፋም።

እንዲህ ያለው ልዩነት በባለጸጋ ሀገርም አለ። በአሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. በወሊድ ምክንያት የሞቱት ጥቁር እናቶች መጠን ከነጮቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን እናትን ከእናት በእጅጉ የሚለያት መንገድ ነው። በደብረ ታቦር ከተማ ለምትኖረው ድርስ ሴት ሆስፒታሉ ቅርቧ ነው፤ በጉና ተራራ ጥግ ወይም በስማዳ ቆላ ያለችውን ግን ወገኖቿ በቃሬዛ ተሸክመው ገደሉን መውጣት፥ ወንዙን መሻገር አለባቸው፤ በክረምትም ወንዙ ይሞላል።

ከመንገዱ ይልቅ የሚከፋው ግን በቤት ውስጥ የሚባክነው ሰዓት ነው። ባል ወንድሙን፥ ወንድም ሽማግሌውን ሲጠይቅ፥ «ጥቂት እንቆይ» ሲባባሉ ይመሻል። ከወሊድ በኋላ የሚበረታ ደም ግን በጥቂት ሰዓት ነፍስ ያጠፋል። የዘገየ ምጥም ባይገድል እንኳ ፊስቱላ የተባለውን ጉዳት ያመጣል፤ በ1951 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ዕድሜያቸውን የሰጡት እንዲህ የተጎዱትን እናቶች ለማከም ነበር።

ስለዚህ ምክሩ ከምጥ በፊት ይፈጸም። ባልና ሚስት በጊዜው ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ የት ትወልዳለች? ቃሬዛውን ማን ይሸከማል? ልጆቹንና ከብቱን ማን ይጠብቃል? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? ቤቷ ሩቅ የሆነች እናት በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ቤት ካለ ቀኗ ሳይደርስ ሄዳ ትረፍ፤ የገንፎው ዱቄትና ቅቤም አብሯት ይሂድ። ብርቱ የራስ ምታት፥ የዓይን ብዥታ፥ የፊት እብጠት፥ መንቀጥቀጥ ወይም ደም ከታየባት ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ትወሰድ።

የነፍስ አባቶችም ቤቱን ሲጎበኙ ይህ ሁሉ መሰናዳቱን ይጠይቁ። እኛም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የምንገባ ሁሉ፥ አስቀድመን ትከሻችንን ለቃሬዛው እናውስ።